ወርቁ ከአሸዋው ጋር እንዳይሄድ

በጉጂ፣ በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ በባህላዊ መንገድ ወርቅ እያጠበ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው። ይህን ሕዝብ ከገበቴ ወደ ማጠቢያ ሳጥን ለማሸጋገር ሲታሰብ፣ የዕቃውን ዋጋና ርዝመት ብቻ መመልከት አይበቃም እንላለን።

የሳጥኑ ጥበብ ቀላል ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ያህል ሲከብድ፣ ተራ አሸዋ ከ3 እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ በወለሉ ላይ የተደረደሩት እርከኖችና ከሥራቸው የተነጠፈው ሸካራ ምንጣፍ ከባዱን ይዘው ቀላሉን ይለቃሉ። ነገር ግን ሳጥኑ አለመጠን ቢያዘቀዝቅ ደቃቁ ወርቅ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ቢለጠጥ ደግሞ አሸዋው እርከኖቹን ይደፍናል። ለመነሻ ያህል በ1 ሜትር ርዝመት 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ወርቁ ደቃቅ በሆነበት ወንዝ፣ ጠጠሩን አስቀድሞ በወንፊት መለየትና ዝቅ ያሉ እርከኖች ያሉትን ሳጥን መምረጥ ይገባል።

በዚህ ረገድ የሚፈጸም ስሕተት ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ደቃቁ ወርቅ ያመለጠው ሠራተኛ ወርቁን በባዜቃ ለመያዝ ይገፋፋል፤ የባዜቃ ትነት ግን ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የጸናው የሚናማታ ስምምነት፣ አባል አገሮች በወርቅ ሥራ ላይ የባዜቃን አጠቃቀም እንዲቀንሱ የሚያስገድደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ግዢውን የሚፈርም ወጣት ሹም፣ አንዱን ሳጥን አስቀድሞ በወንዙ ላይ ይፈትን፤ ከሳጥኑ የወጣውንም አሸዋ ዳግመኛ በገበቴ ያሳጥብ። በአሸዋው ውስጥ ወርቅ ከተገኘ፣ የሠራተኛው ድካም ‹‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር›› እንዳይሆን ሌላ ሳጥን ይፈለግ።