ሳይለዩ ማከም፦ በጥርስ ላይ የሚታየው ነጭ ነጥብና የየካ ሕፃናት

በልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ነጭ ነጥብ ብዙውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። አያምም፤ ከማኘክ አያግድም፤ ስለዚህም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምክንያት ሆኖ አይታይም። ነገር ግን ነጭ ነጥብ በራሱ አንድ በሽታ ሳይሆን መነሻቸውም ሆነ መፍትሔያቸው የሚለያይ ሁኔታዎች ምልክት ነው። ከእነዚህም ሁለቱ፣ ማለትም ጀማሪ የጥርስ መበስበስና ፍሎሮሲስ፣ በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። ሁለቱን ሳይለዩ የሚሰጥ ምክር ልጅን ለመጠበቅ ታስቦ ለጉዳት ሊያጋልጠው ይችላል።

የመጀመሪያው ዓይነት የጥርስ መበስበስ መነሻ ደረጃ ነው። በጥርስ ላይ የሚጣበቁ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ካልሲየምና ፎስፌት ኢናሜል ከሚባለው ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን ይሟሟሉ። ከላይ ሲታይ ሽፋኑ ደኅና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሚሆን እንደ ጠመኔ ነጥቶ ይታያል። ይህ ነጥብ በአብዛኛው የሚገኘው ቆሻሻ በሚከማችበት በድድ ጠርዝ ወይም በጥርስ ማስተካከያ ብረት ዙሪያ ነው። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ምራቅና ፍሎራይድ የሄደውን ማዕድን በከፊል ሊመልሱት፣ ጉዳቱንም ሊያስቆሙት ይችላሉ። ችላ ከተባለ ግን ሽፋኑ ይደረመሳል፤ ጥርሱም ይቦረቦራል።

ሁለተኛው ፍሎሮሲስ ነው። ኢናሜል ገና በመንጋጋ ውስጥ ሲሠራ፣ በተለይም እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሕፃኑ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ በውኃ ወይም በሌላ መንገድ ሲውጥ ይፈጠራል። ነጩ መስመር ወይም ደመና በግራና በቀኝ ባሉ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ በእኩል ይታያል፤ ሲበረታ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ፍሬድሪክ ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1901 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ይህን መሰል ጥርስ አስተውሎ ምክንያቱን መፈለግ ቢጀምርም፣ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው በ1931 ነበር። በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ የሚገኘውን ፍሎሮሲስ ይፋ አድርገዋል። በዚያ ምድር ከእሳተ ገሞራ አለት ጋር ተዋሕዶ የቆየው የጉድጓድ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በብዙ ስፍራ ያልፋል፤ ወንጂና መተሐራም በዚሁ ችግር ከሚታወቁት ናቸው።

ከእንጦጦ ተዳፋት እስከ ኮተቤ የተዘረጋው የየካ ክፍለ ከተማ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ እንደሚገኘው ለገዳዲ ያሉ ግድቦች የሚያጠራቅሙት የደጋ ዝናብና የወንዝ ውኃ ነው፤ እንዲህ ያለው ውኃም በጠቅላላው የፍሎራይድ መጠኑ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በየካ ተወልዶ ባደገ ሕፃን ጥርስ ላይ፣ በተለይ በድድ ጠርዝ፣ ነጭ ነጥብ ሲታይ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው ስኳር እንጂ ውኃ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ስለሚመጣው ፍሎሮሲስ የሰማ ቤተሰብ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከቤቱ ቢያርቅ ልጁን መከላከያ ያሳጣዋል። በአንጻሩ ልጅነቱን በወንጂ አሳልፎ ወደ የካ የመጣ ወጣት ያለበትን ምልክት በጥርስ ሳሙና ብዛት ሊያጠፋው አይችልም። በከሰል፣ በአመድ ወይም በሎሚ መፈተግ ደግሞ ለሁለቱም ጎጂ ነው፤ ሻካራው ኢናሜልን ይፍቃል፣ የሎሚው አሲድ ያሟሟዋል። በመፋቂያ ማጽዳት የቆየና ጠቃሚ ልማድ ቢሆንም በፍሎራይድ ሳሙና ቢደገፍ ይበልጥ ይከላከላል።

የመከላከያው መንገድ ቀላል ነው። ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ በየሰዓቱ አለመስጠት፤ ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት፣ በፍሎራይድ ሳሙና ማጽዳት። የሳሙናው መጠን ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ እንዲተፋ እንጂ እንዳይውጥ አዋቂ ሊከታተለው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማካተቱ ሳሙናው ቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል።

የጥርስ ባለሙያ እጥረት ባለበት አገር ይህን ሁሉ ማን ይከታተላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ይሁንና ነጭ ነጥብን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ በቂ ብርሃን፣ የደረቀ ጥርስና የላይኛውን ከንፈር የሚያነሣ ጣት ይበቃሉ። ሕፃናት በ15 ወራቸው ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው በአብዛኛው በቅሏል። ነርሷ በዚያው ቅጽበት ከንፈሩን አንሥታ ብታይ፣ ልጁ የት እንዳደገና ምን ውኃ እንደሚጠጣ ብትጠይቅ፣ ሁለቱን ዓይነቶች ለመለየት ትልቅ እርምጃ ይሆናል። የየካ ጤና ጣቢያዎች ይህን ምርመራ ከክትባት ጋር ቢያያይዙት፣ ትምህርት ቤቶችም በዓመት አንድ ጊዜ ቢደግሙት፣ ዛሬ የጥርስ ሕመም ሲጀምር ብቻ የሚጀመረው ሕክምና ጥርሱ ሳይቦረቦር በፊት ሊጀመር ይችላል። መነቀል የማይገባው ጥርስ እንዳይነቀል የሚያደርገውም ይኸው ነው።