«ይለምደዋል» አትበሉ፤ ጆሮውን የሚይዘው ልጅ አላጠፋም



ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ከወረታ ከተማና ከፎገራ ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ዶክተር፣ ልጄ ቤት ውስጥ ደህና ነው። ትምህርት ቤት ግን ደወል ሲደወል ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይጮኻል፣ ወንበር ሥር ይገባል። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ፣ አልሄድም ይላል። ምን ላድርገው?» ልጁ አምስት ወይም ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኦ ክፍል ወይም አንደኛ ክፍል። እናትየው እኔን ከመጠየቋ በፊት ምክር ጠግባለች። አያት «አሞላቃችሁት ነው» ብለዋል። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ብላለች። መምህሩ «ይለምደዋል» ብሏል። «አንድ ሁለት ቢቀምስ ይተዋል» የሚልም አይጠፋም።

ዛሬ የምጽፈው እነዚህን ምክሮች ለመቃወም ነው። በተለይ «ይለምደዋል» የሚለውን። ከሁሉም ለስላሳው ምክር እሱ ነው፤ ማንም ክፉ አስቦ አይናገረውም። ግን ልጁን ቀስ በቀስ ከትምህርት ገበታ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መጀመሪያ ጩኸቱን ራሱን እንየው። ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልት በመሀሏ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር፣ አልፎም ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለውም እዚሁ ነው። አይሱዙው፣ ተሳቢው፣ ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ምርት በተሰበሰበ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። (ሩዝ የፎገራ እንጀራ ነው፤ ወፍጮ ይዘጋ የሚል ነገር ከእኔ አትሰሙም።) ወደ ግቢው ስትገቡ ደግሞ ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ይቀጠቀጣል። ሚኒ ሚዲያው ስፒከሩን እስከ ጫፍ ከፍቶ በሰልፉ ፊት ለፊት፣ ትንንሾቹ በሚቆሙበት በኩል ያስቀምጠዋል። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሲሚንቶ፣ በጎን ባዶ ግድግዳ። ድምፅ የሚውጥ አንድ ጨርቅ እንኳ የለበትም። በደረጃው መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል የሚይዘው 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታጨቅበት ክፍል ስንት እንደሆነ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። መስከረም ላይ ደግሞ ዝናቡ ገና አልወጣም። ቆርቆሮው ሲቀጠቀጥ መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ልጆቹ ከመምህሩ በላይ ይጮኻሉ፣ መምህሩ ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛውን በዱላ ይመታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት የክፍሉ ሌላ ጩኸት ከ35 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም ይላል። ዴሲቤል የድምፅ መለኪያ ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው በእርጋታ ሲያወሩ 60 ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ መለኪያ 10 መጨመር ማለት የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ አደገ ማለት ነው። አንድ ትንሽ ልጅ መምህሩ የሚለውን በደንብ እንዲለይ የመምህሩ ድምፅ ከአካባቢው ጩኸት በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ አለበት። እንግዲህ ከላይ በነገርኳችሁ ክፍል ውስጥ መምህሩ የቱን ያህል ሊጮኽ ነው? ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ልጆችም እዚያ ክፍል ውስጥ ፊደል እያመለጣቸው ነው። ጆሮውን የያዘው ልጅ፣ ሌሎቹ የሚችሉትን ችግር በግልጽ የተናገረ ልጅ ነው።

ታዲያ እሱ ለምን ባሰበት? በሕክምናው ሃይፐርአኩሲስ ይባላል፤ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ ከመጠን በላይ ጎልቶ፣ አንዳንዴም የሚያም ሆኖ መሰማት ማለት ነው። ከሌላው አርቆ ይሰማል ማለት አይደለም። ጆሮው ሲመረመር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ጆሮ የላከውን ድምፅ አእምሮ የሚመዝንበት ላይ ነው። ሬዲዮን አስቡ፤ ጣቢያው ያው ነው፣ የድምፅ መክፈቻው ግን እስከ ጥግ ተጠምዟል። እናንተ «ደወል» የምትሉትን የእሱ አካል «አደጋ» ብሎ ያነበዋል። ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ሆዱ ይታመማል። የጠዋቱ የሆድ ሕመም ውሸት አይደለም። እውነተኛ ሕመም ነው፤ ከሆድ ስላልተነሳ ብቻ በሆድ መድኃኒት አይድንም።

ምክንያቱ ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንዳንዱ የጆሮ ሕመም አለበት፤ ጆሮው መግል የሚያፈስ ወይም በተደጋጋሚ የሚመረቅዝ ልጅ በአንድ በኩል መስማት ይቸግረዋል፣ በሌላ በኩል ኃይለኛ ድምፅ ይረብሸዋል። እባካችሁ ዘይት፣ ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ እዚያ ጆሮ ውስጥ አትጨምሩ። ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ የምታስገቡት ነገር ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል።

አንዳንዱ ኦቲዝም አለበት። ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ከመጠን በላይ ስሜታዊ መሆን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች ኦቲዝምን ከሚለዩባቸው ምልክቶች እንደ አንዱ ተመዝግቧል። ወላጅን ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ልጅ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፣ ቸርኬው ሲመታ ግን ይንቀጠቀጣል። «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሲፈልግ አይሰማም፤ ተንኮለኛ ነው» ይባላል። ተንኮል አይደለም። ሁለቱም የአንድ ነገር መልክ ናቸው። ግን ጆሮውን የያዘ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ የሚያወራ፣ የሚጫወት፣ ዓይን ለዓይን የሚያይ፣ ድምፅ ብቻ የሚከብደው ልጅም ብዙ ነው።

ሦስተኛው በእኛ አገር ስሙ ብዙም የማይነሳው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ሕፃናት የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ ትምህርት ቤታቸው ለወራት የተዘጋባቸውም አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ እንዲህ ያለ ልጅ የአይሱዙ ጎማ ሲፈነዳ ወይም በር በኃይል ሲዘጋ መሬት ላይ ቢተኛ አይግረማችሁ። ለሠርግ ደስታ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ለእሱ ተኩስ ነው። «ጀግና አይደለህም እንዴ?» ብሎ የአምስት ዓመት ልጅን ማሳፈር ምን ዓይነት ጀግንነት እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን ወደ «ይለምደዋል» ልመለስ። እውነት አለው፤ አእምሮ ድምፅን ይለምዳል። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮውን ሳይሰማ ያድራል። ግን አእምሮ የሚለምደው ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ሲያውቅ፣ በትንሽ በትንሹ ሲጀምር፣ ሲበዛበትም መውጫ ሲኖረው ነው። ሳይነገረው፣ በሙሉ ኃይሉ፣ መሸሽ በማይችልበት ቦታ ይዛችሁ ስታሰሙት የሚለመድ ነገር የለም። የሚማረው «ትምህርት ቤት ማለት ይሄ ነው» የሚለውን ነው። ከዚያ ከደወሉ አልፎ ሰልፉን ይፈራል፣ ከሰልፉ አልፎ የግቢውን በር፣ በመጨረሻ ዩኒፎርሙን ሲያይ ያለቅሳል። በኅዳር «ሰነፍ ነው» ይባላል። በመጋቢት «ለትምህርት አልተፈጠረም» ተብሎ ከብት ጥበቃ ይላካል።

መምህራን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «ዶክተር፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዤ ለአንዱ ስል ምን ላድርግ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ደመወዛችሁንና ድካማችሁንም አውቃለሁ። ግን የምጠይቃችሁ ገንዘብም ትርፍ ሰዓትም የሚፈልግ አይደለም።

ደወሉን ራሱ ልጁ ይምታው። አትሳቁ። ሰው በራሱ እጅ የሚያወጣው ድምፅ ከሌላ ሰው ድንገት ከሚመጣው ይልቅ በጣም ይቀልለዋል፤ መቼ እንደሚመጣ አእምሮው አስቀድሞ ያውቃላ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መምቻው ብረት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ ቀስ በቀስ ጨርቁን አሳንሱት። መምታት ካልፈለገ ቢያንስ ከመደወሉ በፊት «አሁን ሊደወል ነው» ብላችሁ ትከሻውን ነካ አድርጉት። አንድ ደቂቃ ነው።

ቦታውን ቀይሩለት። ከበርና ከመንገድ በኩል ካለው መስኮት አርቃችሁ ለእናንተ ቅርብ አስቀምጡት። ሰልፍ ላይ ከስፒከሩ ራቅ ብሎ በመጨረሻው ረድፍ ይቁም፤ ስፒከሩንም ከትንንሾቹ ፊት አንሱት፣ ድምፁን ቀንሱት፤ መዝሙሩ በግማሽ ድምፅም መዝሙር ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ በላዩ ላይ አትጩኹ። ማንም አይሰማችሁም፣ ጉሮሯችሁም ይጎዳል። ያን ጊዜ ፊደል ይጻፉ ወይም ይሳሉ። ክፍሉን ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛ ከመምታት ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ የሚል ምልክት አስለምዱ፤ በሳምንት ውስጥ ይይዙታል። ልጁ ሲበዛበት እጁን አሳይቶ ወጥቶ ዛፉ ሥር ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ እንዲመለስ ፍቀዱለት። «ሁሉም ይውጣ ይለኛል» ትሉኛላችሁ። አንድ ሁለት ቀን ይላሉ፤ ከዚያ ይሰለቻቸዋል።

ዱላን በተመለከተ ብዙ አልጽፍም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ሕጉ ባይኖርም ነገሩ ከንቱ ነው፤ በፍርሃት የተያዘን ልጅ በመምታት ፍርሃቱ ላይ ሌላ ፍርሃት ትጨምራላችሁ እንጂ ጆሮውን አታስለምዱትም። ጠበል የምትወስዱ ወላጆችንም አልከለክልም፣ እምነታችሁ ነው። ግን ምርመራውን አትተዉ፤ ልጁንም በግድ ይዛችሁ ጩኸት ባለበት መሀል አታስገቡት።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። ከከተማ ዘመድ የጆሮ መከላከያ ተልኮላቸው ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያወልቀው የሚውል። ለሰልፍ፣ ለሠርግ፣ በወፍጮ አጠገብ ለማለፍ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ካደረገው ግን አእምሮው ጸጥታውን ይለምድና ሲያወልቀው ትንሹም ድምፅ ይገዝፍበታል። ጥጥም ወደ ውስጥ አትወትፉ። ከሁሉም የባሰው «እስኪያድግ ቤት ይቀመጥ» ማለት ነው። ቤት የተቀመጠ ልጅ ድምፅን የሚለምድበት ዕድል የለውም፤ ጓደኛና ፊደልም ያጣል።

ልጅን ማስቀረት ቀላል መሆኑን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በደንብ ያውቁት ነበር። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሥራቸው ግን የብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን አፍ ከፍቷል። ነገር ግን ማዕከሉ ከወረታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የፎገራ እናት እዚያ እስክትደርስ አንጠብቅ፤ የእሷ ልጅ ማዕከል ያለው ያው ቸርኬው የተሰቀለበት ግቢ ነው።

ወደ ሐኪም ሳይዘገይ የሚመጣው የትኛው ነው? ጆሮው የሚያፈስ ወይም የሚያመው፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ንግግሩ የዘገየ ወይም የነበረው ቃል የጠፋበት፣ ፊቱ በአንድ ጎን የተጣመመ፣ ችግሩ ድንገት የጀመረው፣ ሌሊት እየባነነ የሚጮኽ። መጀመሪያ አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ተቋም ሂዱ፤ የመስማት ምርመራ ወይም የሕፃናት ሐኪም ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፍላችኋል። ስትመጡ ልጁ እኔ ፊት ጸጥ ብሎ ስለሚቀመጥ በስልካችሁ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ፤ የትኛው ድምፅ እንደሚረብሸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ሲደረግለት እንደሚረጋጋ ከመምህሩ ጠይቃችሁ ጻፉት። መምህሩ ራሱ አብሮ ቢመጣማ በጣም ደስ ይለኛል።