ከባሕሩ በፊት ቦዩ

የስፔን የሜዲትራኒያን ጠረፍ በጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ የሚሸጠው በፀሐዩ፣ በአሸዋውና በሰማያዊው ባሕር ነው፤ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጣው መንገደኛም አብዛኛውን ጊዜ ሳምንቱን በዚያው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ይመለሳል። ካስቴሎን፣ ቫሌንሲያና አሊካንቴ የሚባሉትን ሦስት አውራጃዎች የያዘው የቫሌንሲያ ክልል ግን፣ በዚህ ዓምድ እምነት፣ ለእንግዳ ከሚያሳየው ሁሉ የሚበልጠው የባሕሩ ውኃ ሳይሆን ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚመራው ውኃ ነው። ባሕሩ ለአካባቢው እንዲሁ የተሰጠ ሲሆን፣ ቦዩ ግን ሰዎች ተስማምተው የቆፈሩት፣ ለሺህ ዓመት ያህልም ሲጣሉበት እየታረቁ የጠበቁት ነው፤ የክልሉ ምግብ፣ ቋንቋ፣ ፍርድና በዓል በአንድም በሌላም መንገድ ከዚያ ቦይ የተቀዳ ስለሆነ ጉብኝቱም ከዚያ ቢጀምር ይሻላል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቫሌንሲያን ከተማ የቆረቆሯት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ138 ዓመት ሮማውያን ቢሆኑም፣ በዙሪያዋ ላለው ለጥ ያለ ሜዳ ዛሬ የሚታየውን መልክ የሰጡት ከ8ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሩን የያዙት ሙስሊሞች ናቸው። ዝናቡ ጥቂት ከመሆኑም ሌላ ሲመጣ በአንድ ጊዜ የሚወርድ በመሆኑ፣ ቱሪያ የተባለውን ወንዝ በየቦታው እየጠለፉ «ኦርታ» የሚባለውን እርሻ አቋቋሙ፤ ኦርታ ማለት በቦይ የሚጠጣ የአትክልትና የፍራፍሬ ማሳ ነው። የአራጎን ንጉሥ ቀዳማዊ ጃውሜ ከተማዋን በ1238 ሲይዝ የውኃው አከፋፈል እንደ ጥንቱ እንዲቀጥል ፈቀደ። የቦዮቹ ባለሙያዎች ዘሮች ግን ያንን ያህል ምሕረት አላገኙም፤ በ1609 በወጣው የንጉሥ ትእዛዝ መሠረት ሞሪስኮ የሚባሉት፣ ማለትም ክርስትና እንዲነሡ የተገደዱት የሙስሊም ተወላጆች፣ ከክልሉ ሕዝብ ሲሶ ያህሉን ይዘው ሳለ ከዴኒያና ከሌሎች ወደቦች በመርከብ እየተጫኑ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተባረሩ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ቦዩና ቃላቱ ቀሩ። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ እነዚህ ቃላት ጨርሶ ባዕድ አይደሉም፤ ስፓኝኛ ሩዝን «አሮስ»፣ ስኳርን «አሱካር»፣ ዘይትን «አሴይቴ» የሚለው ከዐረብኛ ወርሶ ነውና አማርኛ በውሰትም ሆነ በሴማዊ ዝምድናው ከእነዚሁ ሥሮች ጋር ይገናኛል። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ሐይቅ «አልቡፌራ» የተባለውም በዐረብኛ «አል-ቡሐይራ»፣ ትንሿ ባሕር፣ ከሚለው ነው፤ የቃሉ ሥር ግእዝና አማርኛ «ባሕር» የሚሉት ራሱ ነው።

በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት በቫሌንሲያ ካቴድራል የሐዋርያት በር ፊት የሚሰየመው የውኃ ፍርድ ቤት፣ በአገሩ አጠራር «ትሪቡናል ዴ ላስ አጉዋስ»፣ በክልሉ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ ሊይዝ ይገባዋል። ዳኞቹ ስምንት ሲሆኑ ሁሉም ማሳ ያላቸውና የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከወንዙ ከሚወጡት ቦዮች አንዱን ወክለው ይቀመጣሉ፣ የመረጧቸውም በዚያ ቦይ የሚያጠጡት ገበሬዎች ናቸው። በአማራ ገጠር የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው ሰው «የውኃ አባት» እንደሚባል ለሚያውቅ አንባቢ የእነዚህ ሰዎች ሥልጣን ከምን እንደሚመነጭ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥቁር የገበሬ ሸሚዝ ለብሰው በክብ ከተቀመጡ በኋላ፣ ናስ ጫፍ ያለው ዘንግ የያዘው አስጠሪ የየቦዩን ስም በተራ እየጠራ ተከሳሽ እንዳለ ይጠይቃል። ክሱ ያለተራው ውኃ የጠለፈ፣ የጎረቤቱን ማሳ በግዴለሽነት ያጥለቀለቀ ወይም የድርሻውን ቦይ ያልጠረገ ገበሬ ላይ ሊሆን ይችላል። ጠበቃ የለም፤ ክርክሩ በክልሉ ቋንቋ በቫሌንሲያኛ፣ በቃል ብቻ ይካሄዳል፤ ሰብሳቢው የመናገር ተራ የሚሰጠው በእግሩ እያመለከተ ነው። የተከሳሹ ቦይ ከወንዙ ቀኝ ዳርቻ የሚወጣ ከሆነ ፍርዱን የሚያመነጩት የግራው ዳርቻ ዳኞች ናቸው፤ ከግራ ከሆነ የቀኞቹ፤ በዚህም ማንም በራሱ ውኃ ላይ አይፈርድም። ይግባኝ የለውም። በ1960 ሺኛ ዓመቱ የተከበረለት ይህ ችሎት፣ በ1978ቱ የስፔን ሕገ መንግሥት ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና የተሰጠ በመሆኑ የሚሰጠው ውሳኔ ጨዋታ አይደለም፤ ዩኔስኮም በ2009 ከሙርሲያው የጠቢባን ሸንጎ ጋር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ብዙ ሐሙስ ክስ ስለማይኖር ችሎቱ ስምንቱን ስሞች አሰምቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበተናል፤ ካሜራ ይዘው የሚጠብቁ ጎብኚዎችም ቅር ተሰኝተው ይሄዳሉ። ቅሬታው ተገቢ አይደለም። ጠቡ ከተማ ሳይደርስ እዚያው በማሳው ዳር በሽምግልና ማለቁ፣ ችሎቱ በየሳምንቱ ቢሰየምም የሚዳኘው ማጣቱ፣ የሥርዓቱ ትልቁ ፍሬ ነው።

የውኃው ሌላ ገጽ ደግሞ ቁጣው ነው። በጥቅምት 14 ቀን 1957 ቱሪያ ሞልቶ ከተማዋን በማጥለቅለቅ ቢያንስ የ81 ሰው ሕይወት አጠፋ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት የወንዙን መውረጃ ከከተማዋ በስተደቡብ በተቆፈረ ሰፊ ቦይ አዞረው። ደርቆ የቀረው አሮጌ ወለል አውራ ጎዳና ሊሠራበት ታቅዶ ሳለ ነዋሪው ወለሉ የሕዝብ ነውና አረንጓዴ ይሁን ብሎ በመነሣቱ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መናፈሻ ሆነ። የእግር ጉዞ የሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ በከተማዋ አያገኝም፤ ድሮ ውኃ በሚያልፍባቸው የድንጋይ ድልድዮች ሥር፣ በብርቱካንና በጥድ ጥላ፣ መኪና ሳያቋርጠው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል። በመናፈሻው የባሕር ጫፍ የቆመውና የከተማዋ ተወላጅ ሳንቲያጎ ካላትራቫ ከፌሊክስ ካንዴላ ጋር የነደፈው የኪነ ጥበብና የሳይንስ ከተማ፣ ከ1998 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የተከፈተ ነጭ የሕንፃ ስብስብ ነው፤ ዓይን የሚስብ መሆኑ አያጠራጥርም፣ ሆኖም ያስገኘው መናፈሻው እንጂ መናፈሻውን ያስገኘው እርሱ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ይህን ስፍራ ሳያውቁት ያውቁታል፤ ለተሰንበት ግደይ በጥቅምት 7 ቀን 2020 የ5000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ የሰበረችበት የቱሪያ ስታዲየም የሚገኘው በዚሁ የቀድሞ የወንዝ ወለል ላይ ነው፤ ሲሳይ ለማ በ2023 በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ያሸነፈው ማራቶንም የሚጠናቀቀው በካላትራቫ ሕንፃዎች መካከል፣ በውኃ ላይ በተነጠፈ መድረክ ነው።

የ1957ቱ መከራ ግን አላበቃም። በጥቅምት 29 ቀን 2024 ቱሪስ በተባለችው የገጠር ከተማ በአንድ ቀን ከ700 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲወርድ፣ አዲሱ መውረጃ ቫሌንሲያን ከጥፋት ቢያድናትም ከእርሱ በስተደቡብ ያሉት ፓይፖርታ፣ ካታሮጃና አልፋፋር በጎርፍ ተመቱ፤ በክልሉ ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። የማስጠንቀቂያው መልእክት ወደ ስልኮች የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ቤቶች ውኃ ከገባባቸው ወዲያ ነበር። ለጠረፉ መንገደኛ ይህን አለመንገር የሟቾቹን ክብር መንፈግ ይሆናል፤ ወደ እነዚያ ከተሞች የሚሄድም ሰው ፍርስራሽ ለማየት ሳይሆን በዳግም በተከፈቱት ቡና ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው ገንዘቡን ለማውጣት ቢሄድ ይገባል።

ከከተማዋ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ የሚገኘው አልቡፌራ ከባሕሩ በቀጭን የአሸዋና የጥድ ሰቅ የተለየ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ሐይቅ ሲሆን፣ በዙሪያው የስፔን ዝነኛ የሩዝ ማሳ ተዘርግቷል። በ1960ዎቹ ሆቴልና ፎቅ ሊተከልበት ተጀምሮ የነበረውን የአሸዋ ሰቅ ያተረፈው ስፍራው የሕዝብ ይሁን ያለው የነዋሪው ትግል ነው፤ በ1986 የተፈጥሮ ፓርክ ሆኖ ተከለለ። ውኃው ራሱ ከ1970ዎቹ ወዲህ በፋብሪካና በመኖሪያ ፍሳሽ ምክንያት የቀድሞ ጥራቱን አጥቷል፤ ሆኖም አመሻሽ ላይ በጠፍጣፋ ጀልባ ለሚወጣ ሰው የውኃ ወፎቹ፣ ሸምበቆውና ከኋላው የሚጠልቀው ፀሐይ በጥሩ ጸጥታ ይታያሉ። ወቅትን ማወቅ ይጠቅማል፦ ሩዙ በግንቦት ተዘርቶ በመስከረም ይታጨዳል፣ በክረምታቸው ደግሞ ማሳው ሆን ተብሎ በውኃ ይሞላና ሐይቁ የሰፋ ይመስላል። የሐይቁን ከፍታ የሚወስኑት ወደ ባሕር በሚወስዱት መውጫዎች ላይ ያሉት መዝጊያዎች ናቸው።

ፓኤያ የተወለደው እዚህ፣ በገበሬው የምሳ ሰዓት ነው። ስሙ የሚያመለክተው ሩዙን ሳይሆን የሚበስልበትን ሰፊና ጥልቀት የሌለው መጥበሻ ነው፤ በአገሬው ዘንድ ትክክለኛ የሚባለው ዶሮና ጥንቸል፣ አረንጓዴ ፎሶሊያ፣ «ጋሮፎ» የሚባለው ትልቅ ነጭ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ ሳፍሮንና አንዳንዴም የጥብስ ቅጠል የሚገባበት ሲሆን፣ ለጠረፍ ጎብኚ የሚቀርበው የባሕር ምግብ የተቀላቀለበት ዓይነት ዘግይቶ የመጣ ዘመድ ነው። እሳቱ ከብርቱካን እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ ሩዙ አይማሰልም፤ ከመጥበሻው ሥር ቀልቶና ደርቆ የሚቀረውን «ሶካራት» ለማግኘት በማዕዱ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ይሻማሉ፤ መጥበሻውም መሐል ተቀምጦ እያንዳንዱ በፊቱ ካለው ድርሻ በእንጨት ማንኪያ ይበላል። በሃይማኖት ሥርዓት ጥንቸል የማይበላ እንግዳ በአትክልት ብቻ የሚሠራውን ሩዝ አስቀድሞ ማዘዝ ይችላል። በሐይቁ መንደር በኤል ፓልማር የሚሠራው ሌላው ምግብ «አል ኢ ፔብሬ» ሲባል ትርጉሙ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ነው፤ አንጊላ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ በእነዚህ ሁለቱ ይሠራል።

በከተማዋ መሐል ያለው የሐር ገበያ፣ «ላ ሎንሃ»፣ ከ1482 ጀምሮ በጎቲክ ስልት የታነጸና በ1996 በዩኔስኮ የተመዘገበ ሕንፃ ሲሆን፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዙት ዓምዶቹ ብቻቸውን ለአንድ ሰዓት ዓይን ይይዛሉ። ፊት ለፊቱ ያለው በ1928 የተከፈተው ማዕከላዊ ገበያ የኦርታው ምርት የሚታይበት ነውና በጠዋት መሄድ ይገባል። የመጋቢት 19ኙ የፋያስ በዓል፣ ግዙፍ ምስሎች ዓመቱን ሙሉ ተሠርተው በአንድ ሌሊት የሚቃጠሉበት፣ ድንቅ ነው፤ ግን ርችት የሚከብደው ሰው ያን ሳምንት ቢርቅ ይሻለዋል።

ወደ ደቡብ፣ አሊካንቴን አልፎ ያለችው ኤልቼ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ዘንባባ ያለባት ከተማ ናት፤ በ2000 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የዘንባባ እርሻም በሙስሊሞቹ ዘመን በተዘረጋ የመስኖ ቦይ የሚኖር ነው። ቅርንጫፎቹ በዛፉ ላይ እንዳሉ ተጠቅልለው ፀሐይ ስለሚከለከሉ ነጭ ሆነው ያድጋሉ፤ ከዚያም እየተጎነጎኑ ለሆሳዕና ይያዛሉ። በነሐሴ 14 እና 15 በሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው የኤልቼ ምሥጢረ ተውኔት ለኢትዮጵያዊ አማኝ በተለየ ሁኔታ ቅርብ ነው። ከመካከለኛው ዘመን የወረደው ይህ ድርሰት የእመቤታችንን ዕረፍትና ዕርገት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚተርክ ሲሆን፣ ዘማሪዎቹ ሁሉ ወንዶችና ልጆች ናቸው፤ መላእክቱ ከጉልላቱ በገመድ በሚወርድ፣ እንደ ሮማን ፍሬ በሚከፈት ማደሪያ ውስጥ ይወርዳሉ። በፍጻሜው ላይ ቅዱስ ቶማስ ከህንድ ዘግይቶ ይደርሳል። የፍልሰታን ታሪክ በልጅነቱ የሰማ፣ ቶማስ ከህንድ ሲመለስ እመቤታችንን ስታርግ አግኝቶ ሰበኗን እንደተቀበለ የሚያውቅ ሰው፣ በሜዲትራኒያን ዳር በባዕድ ዜማ ያንኑ ሐዋርያ ሲገባ ሲያይ ልቡ መነካቱ አይቀርም።

ባሕሩም ቢሆን ይገባዋል የሚል ሰው ካልፔ ላይ ከባሕር 332 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመውን የኢፋክ ዓለት ይውጣ፤ ወይም ከሳንታ ፖላ በጀልባ ወደ ታባርካ ደሴት፣ በ1986 የስፔን የመጀመሪያው የባሕር ጥብቅ ስፍራ ወደ ሆነው፣ ይሻገር። በሰሜን ያለችው ፔኒስኮላም ራሱን እስከ ሞቱ የሮማ ጳጳስ ብሎ የኖረውን የቤኔዲክት 13ኛን ምሽግ በባሕር ላይ አቁማ ትጠብቃለች። ቤኒዶርም ብዙ ይነቀፋል፤ ነገር ግን ወደ ላይ በመገንባቷ ብዙ እንግዳ በጥቂት መሬት ስላስተናገደች፣ ኮረብታውን ሁሉ በቪላ ከሸፈኑት ሌሎች የጠረፍ ከተሞች ይልቅ ለምድሩ ራርታለች ማለት ይቻላል።

የከተማዋ መስፋፋት ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የኦርታውን ብዙ ማሳ በመንገድ፣ በመጋዘንና በአፓርትመንት በልቶታል። ክልሉ በ2018 የኦርታን ሕግ ያወጣው፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም በ2019 የመስኖውን ሥርዓት የዓለም የግብርና ቅርስ ያደረገው የቀረውን ለማትረፍ ነው። የቀረውን ለማየት ከከተማዋ በስተሰሜን ወደምትጎራበተው ወደ አልቦራያ በብስክሌት መሄድ በቂ ነው፤ እዚያ «ቹፋ» የሚባለው ከአፈር ሥር የሚቆፈር እንደ ሽምብራ ያለ ፍሬ ተፈጭቶ፣ ከውኃና ከስኳር ጋር ተጨምቆ «ኦርቻታ» የተሰኘ ነጭ መጠጥ ይሆናል፤ የእንስሳ ወተት የለበትምና በጾም ወራት የሚጓዝ ሰው ያለ ሐሳብ ሊጠጣው ይችላል። ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ማሳው ይጀምራል። ገበሬው ሰዓቱን አይቶ በቦዩ ራስ ያለችውን መዝጊያ ከፍ ሲያደርጋት፣ ውኃው በትልሞቹ መካከል እየተከፋፈለ ተራው ወደ ደረሰው ቹፋ ይገባል፤ ሰዓቱ ሲያበቃም ይዘጋትና ውኃው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል።