ከፋይ ሁሉ ደራሲ አይደለም

ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ብቅ ትላለች። ካሜራው በሰማይ እየተንሳፈፈ የድርጅቱን ሕንፃ ይዞራል። ግርማ ሞገስ የተላበሰ ድምፅ ድርጅቱ «ከዘመኑ ጋር እየተራመደ» መሆኑን ያበስራል። ሥራ አስኪያጁ ከሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ዓመታዊ ሪፖርታቸውን በቃላቸው ይወጡታል። ሠራተኛውስ? ሠራተኛው ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ለሦስት ሴኮንድ ያህል ታይቶ ያልፋል። በምረቃው አዳራሽ ጭብጨባ ይሰማል፤ በማግሥቱ ግን ፊልሙን የሚያስታውሰው የለም።

«የድርጅት ዘጋቢ ፊልም» እየተባለ በየአዳራሹ የሚታየው ሥራ አብዛኛው ከዚህ ቅርጽ አይወጣም። ስለ ጉድለቱ ሲጠየቁ አዘጋጁ በአሠሪው፣ አሠሪው በአዘጋጁ ያሳብባሉ። አንዱ «ከፋዩ ያዘዘኝን ሠራሁ» ይላል፤ ሌላው «ባለሙያ ጠፋ» ይላል። ሁለቱም ከተጠያቂነት ሊያመልጡ አይገባም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ሕመሙ ያለው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት፣ በዕቅዱ ላይ ነው።

ትእዛዝ በራሱ የጥበብ ጠላት ነው የሚሉ አሉ። ታሪክ ግን አይመሰክርላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1935 የብሪታንያ የጋዝ ነጋዴዎች ማኅበር «የመኖሪያ ቤት ችግሮች» ለተሰኘው ፊልም ገንዘብ አወጣ። አዘጋጆቹ አርተር ኤልተንና ኤድጋር አንስቲ ካሜራና የድምፅ መቅጃ ይዘው በምሥራቅ ለንደን ወደሚገኘው የስቴፕኒ የድሆች ሰፈር ገቡ። ነዋሪዎቹም ስለ ቤታቸው መፈራረስ፣ ስለ አይጡና ስለ ተባዩ በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። የነጋዴዎቹ ዓላማ ስውር አልነበረም፤ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ አዲስ ቤት ሲሠራ ምድጃው በጋዝ እንዲነድ ይሻሉ። ሆኖም ፊልሙ ዛሬ የሚታወሰው በጋዙ ሳይሆን በተናጋሪዎቹ ነው።

በዓመቱ የብሪታንያ ፖስታ መሥሪያ ቤት የፊልም ክፍል «የሌሊት ፖስታ»ን አቀረበ። ከለንደን ወደ ስኮትላንድ የሚገሠግሠው ባቡር፣ ደብዳቤ የሚለዩት እውነተኛዎቹ የፖስታ ሠራተኞች፣ የገጣሚው የኦደን ስንኝና የቤንጃሚን ብሪተን ሙዚቃ በአንድነት ተዋሐዱ። አሠሪው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ፊልሙን የተሸከመው ግን የአለቆች ንግግር ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958ም አለን ረኔ ፔሺኔ በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ትእዛዝ ስለ ፕላስቲክ ሲሠራ፣ ካለቀለት ዕቃ ተነሥቶ ወደ ጥሬ ሀብቱ የኋሊት ተጓዘ፤ ትረካውንም ሬሞን ክኖ በግጥም ጻፈው።

በአንጻሩ ገንዘብ ዝምታን ሊገዛ መቻሉ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሮበርት ፍላኸርቲ በኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ወጪ «የሉዊዚያና ታሪክ»ን ሠራ። ውበቱ የተመሰከረለት ፊልም ነው። ይሁን እንጂ ነዳጅ ቆፋሪው ወደ ረግረጉ ምድር መጥቶ እንደ መልካም እንግዳ በወዳጅነት ይሸኛል፤ ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነም ተመልካቹ ከፊልሙ አይረዳም። እንግዲህ ሊፈራ የሚገባው ትእዛዝ ሳይሆን ስሙን የደበቀ ትእዛዝ ነው።

የአገራችን አዝማሪ ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በጋባዡ ቤት እየበላ፣ ሽልማቱን በግንባሩ እየተቀበለ፣ ምስጋናውን በሰም፣ ተግሣጹን በወርቅ ያቀብላል። ከፋይን ማክበርና ለከፋይ ማጎብደድ ለየቅል ናቸው።

ስለሆነም ውል ከመፈረሙ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ፊልሙ ለማን ነው? ተመልካቹ አይቶ ሲወጣ ምን እንዲያውቅ ይፈለጋል? መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ቀረጻ አይጀመር። ጽሑፉን መርምሮ የሚያጸድቅ አንድ ኃላፊ ይሰየም፤ ሰባት የሥራ ክፍል ሰባት አርእስት ከጨመረበት ፊልሙ የስም ዝርዝር ይሆናልና። እርማቱ ገና ጽሑፉ ላይ ሳለ ይጠናቀቅ፤ የእርማቱም ዙር በቁጥር ይወሰን። ከሁሉ በላይ አዘጋጁ ካሜራ ሳይዝ ከሠራተኛው መካከል ይሰንብት፤ ፈቃዱን ጠይቆ ያናግረው፤ የተናገረውንም በትረካ አይሸፍንበት።

ይህ ሁሉ ስለ ምን? ነገ ፋብሪካው ሊዘጋ፣ ማሽኑ ሊለወጥ፣ ሠራተኛውም ሊያልፍ ይችላል። የልጅ ልጁ የአያቱን ድምፅ ፍለጋ ሲመጣ የሚያገኘው ብቸኛ ማስረጃ ያ ፊልም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚታየው የአያቱ ጀርባ፣ የሚሰማውም የሌላ ሰው ንግግር ብቻ ከሆነ፣ አሠሪው ገንዘቡን፣ አዘጋጁም ሙያውን በከንቱ አባክነዋል። ከፋይ ፊልሙን ይገዛል፤ የሠራተኛውን አንደበት ግን ማንም አልሸጠለትም።