ጭቃ ነው ብለው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አውሮፓ የተነሣውን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ከጀርባው አንድ ቤት ቆሟል። ጥቋቁር እንጨቶች ቀጥ ብለውም ተጋድመውም ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ነጭ ልስን ነው። “አዩልኝ ጋሼ፣ እንዴት እንደሚያምር! አምስት መቶ ዓመቱ ነው አሉን” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያምራል። “ነጩ ነገር ከምን የተሠራ ይመስልሃል?” አልኩት። “ሲሚንቶ ይሆናላ” አለ። “አምስት መቶ ዓመት ሙሉ? ጭቃ ነው። ጭድ ገብቶበት የተቦካ፣ የአያትህ ቤት የተመረገበት ዓይነት ጭቃ” ብለው ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ይኼው ልጅ (ልጅ የምለው እኔ ነኝ እንጂ ራሱም ተመልጧል) በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ “ምኑ ያስለቅሳችኋል? ጭቃ አይደለም እንዴ!” ካሉት አንዱ ነበር። ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዚች ቃል ጋር ነው። “ጭቃ ነው” ከተባለ በኋላ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

ከዓመታት በፊት ለስብሰባ እንግሊዝ አገር ሄጄ፣ ሲንግልተን በምትባል መንደር አጠገብ ያለ የጥንት ቤቶች ሙዚየም አይቻለሁ። እዚያ ውስጥ ቤይሊፍ የሚባል የገበሬ ቤት አለ። የተሠራው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ኬንት በተባለው አውራጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ያለበት ቦታ ለውሃ ማጠራቀሚያ ተፈለገ። ውሃ ለሕዝብ ያስፈልጋል፣ ልማቱም አልቀረም። ቤቱን ግን እንጨት በእንጨት ፈተው፣ አጓጉዘው፣ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ መልሰው አቆሙት። እንጨቱ የተያያዘው በሚስማር ሳይሆን ተቦርቡሮ እርስ በርሱ በመግባትና በእንጨት ችካል ስለሆነ ይፈታል፣ ይገጠማል።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ጭስ ማውጫ የለውም። እሳቱ የሚነደው መሬት ላይ፣ እቤቱ መካከል ነው፤ ጭሱ ሽቅብ እየወጣ ጣሪያውን በጥቀርሻ አጥቁሮታል። የአያቴ ቤት ፊቴ ድቅን አለብኝ። አያቴ “ጥቀርሻ ያልጠጣ ወጋግራ ምስጥ ይበላዋል” ይሉ ነበር። አስጎብኚዋ ስለ ግድግዳው ስታስረዳ፣ ጭራሮው በቋሚዎቹ መካከል እንደሚጎነጎን፣ በላዩ ጭቃና ጭድ፣ እበትም ተቦክቶ እንደሚመረግ ነገረችን። “እበት” ስትል ጎብኚዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ብቻ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

እንግዲህ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? እነሱ ጋ የገበሬ ቤት ነው፣ ያውም ከጭቃ። እኛ ጋ ግን የመኳንንት ቤት፣ ባለ ሰገነት፣ ባለ በረንዳ፣ ክፈፉ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ የተመታበት ቤት እንኳ “ጭቃ” ከመባል አልዳነም። እንጦጦ ላይ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ እዩ። እንጨትና ጭቃ ነው፣ በኖራ የተለሰነ። አዲስ አበባን የቆረቆሩት የኖሩት እዚያ ጭቃ ውስጥ ነበር።

ኧረ እንጦጦም ቅርብ ነው! አክሱም እንሂድ። በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ ያለቀስንለት፣ በ2000 ዓ.ም. ሲቆም የጨፈርንለት ሐውልት ምንድን ነው? ፎቅ ቤት ነው፣ በድንጋይ የተቀረጸ። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ በየፎቁ መካከል ደግሞ የተደረደሩ ክብ ክብ ጉጦች አሉት። እነዚያ ጉጦች ከግድግዳ የወጡ የግንድ ጫፎች ሥዕል ናቸው። የእንጨቱን አሠራር በእውነተኛው መልኩ ማየት የፈለገ ደብረ ዳሞ ይውጣ፣ “የዝንጀሮ ራስ” የሚባሉትን የእንጨት ጫፎች እዚያ ያገኛቸዋል። ወይም ላስታ፣ ዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ይይ፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየሆነ የተሠራ ነው። የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ያንኑ ረድፍ ከአንድ ዓለት ፈልፍሎ አስመስሎታል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ድንጋይ በእጃቸው እያለ የእንጨት ቤትን መልክ ቀረጹበት። ለእንጨት ቤት የነበራቸውን ክብር ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? እኛ ሥዕሉን እንሳለማለን፣ ባለ ሥዕሉን በዶዘር እንገፋለን።

“አንተ ትኖርበታለህ ወይ?” የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኖሬበታለሁ፤ ቁንጫውንም፣ ሠላሳ ሰው የሚሰለፍበትን ሽንት ቤትም አውቀዋለሁ። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ያለው ቤት መግባት የፈለገን ሰው “ቅርስ ነህና ቁጭ በል” የሚል ምሁር ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ያን ቤት ሠላሳ ሰው እንዲሰለፍበት ያደረገው ጭቃው ነው እንዴ? በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱት ትላልቅ ቤቶች በኮምፔንሳቶ እየተከፋፈሉ ለየቤተሰቡ ተሰጡ። ሰው ተጠለለ፣ ጥሩ። ጣሪያው የማን ነው ሲባል ግን ባለቤት ጠፋ። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ውሃ ነው፤ ክፈፉ ሰፊ ሆኖ ዝናቡን ካራቀለት፣ ከሥሩም የድንጋይ መሠረት ካለው ልጅ ልጅ ያያል። ቆርቆሮው ተነቅሎ ክረምት ከገባበት ግን ወደ መጣበት መሬት ይመለሳል። ዘንድሮ ቆርቆሮ ሳትመታ ከርሞ “አርጅቷል” ማለት፣ በሽተኛውን ምግብ ከልክሎ “ከስቷል” እንደማለት ነው።

ሕጉስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ያለ ፈቃድ እንዳይጠግንም ከልክሏል። በወረቀት ላይ አይከፋም። መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ግን አንዲት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ወይዘሮ ያጫወቱኝን ላውጋችሁ።

ሰባት አባወራ የሚኖርበት የጥንት ቤት ውስጥ ነበሩ። በሩ ላይ ቁጥር ተለጠፈ፣ “ቅርስ ነው” ተባለ። ደስ አላቸው። በዓመቱ ነፋስ ቆርቆሮ ነቀለ። ጎረቤት አዋጥቶ አዲስ ቆርቆሮ ገዛ። ሊመቱ ሲሉ አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤት መጣና “ቅርስ አይነካም፣ ፈቃድ አምጡ” አላቸው። ማመልከቻ አስገቡ። ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ስብሰባ ላይ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዋቀር ነው እየተባለ ሁለት ክረምት አለፈ። ምርጊቱ ታጥቦ ማገሩ ወጣ። በሦስተኛው ዓመት ከሌላ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ መጥቶ “ለነዋሪዎች አደገኛ ነው” ብሎ ጻፈ። ለመጠገን ሁለት ክረምት ያልበቃው ፈቃድ ለማፍረስ አሥራ አምስት ቀን አልፈጀም።

“እና እርስዎ ምን አሉ?” ስላቸው፣ “ምን እላለሁ ልጄ፣ ጭቃ ነው አሉኝ” አሉ።

ዛሬ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ሲኒ የሚደረደርባት አንዲት ጣውላ አለች። ጠርዟ እንደ ነጠላ ጥለት ተፈልፍሏል፣ አንድ ጥግ ላይ አሮጌው አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል። አተኩሬ ሳያት ወይዘሮዋ ደነገጡ። በሩ መዘጋቱን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ከክፈፉ የወደቀች ናት፣ ቆሻሻ ላይ አንስቼ ነው። አደራህን ልጄ፣ ለቅርስ ሰዎች እንዳትነግርብኝ፤ ሰረቀች ይሉኛል።”