ስለ ገላ መታጠቢያው ውሃ ማሞቂያና ስለ ተጋረደው ጆንያ



እንደሚታወቀው የገላ መታጠቢያ ቤታችን የተሠራው ከአባሎች በተዋጣ ገንዘብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሒሳብ ለመሰብሰብ ብቅ ብንል፣ ከደጅ ያለው የውሃ ማሞቂያው ዳስ ዙሪያውን በጆንያና በላስቲክ ተጋርዶ አገኘነው። ከበላዩ ያለው በቀርከሃ የተሠራ የአየር መግቢያም በጨርቅ ተወትፏል። እሳቱ ይነዳል፣ ውስጥ ሰው ይታጠባል። ወዲያው አጠፋንና ጆንያውን ገፈፍነው። ውስጥ የነበረው ሰው ሳሙናው ዓይኑ ላይ እንዳለ ቀዝቃዛ ውሃ ወርዶበት የተናገረውን እዚህ አንጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ወሬው በዝቷል። «ነፋስ እሳቱን እያጠፋ ስላስቸገረን ነው የጋረድነው፤ ኮሚቴው ምን አገባው?» የሚል አለ። «ማሞቂያው ደጅ ከሆነ በኋላ ቢጋረድስ ምን ያመጣል?» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ እንመለስበታለን። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ግን ሁለተኛው ነው። ደጅ መሆኑ ብቻውን አያድንም።

ማሞቂያው ለምን ደጅ እንደወጣ የማታውቁ ስላላችሁ ከዚያ እንጀምር። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በመጣ ጊዜ የገጠመልን ሰው እዚያው መታጠቢያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጭስ ማውጫም አላደረገለትም። እኛም አልጠየቅንም። በጌጫ ብርድ ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ አይተን እልል ነው ያልነው። ጥፋቱ የእኛም ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከቴፒ ቡና ለቀማ የተመለሰ አንድ ልጅ ሊታጠብ ገብቶ ቆየ። እናቱ በሩን ብትመታ መልስ የለም። በሩ ተሰብሮ ሲወጣ ሰውነቱ ዝሏል፣ አይሰማም። ወዲያው «ቴፒ ነበር፣ ወባ ነው» ተባለ። ሌላው «ውሃ ዳር ያለ ሰይጣን መታው» አለ። ሎሚ የሚያሸተው መጣ፣ ውሃ የሚረጨው መጣ። ልጁ ግን ደጅ በካፊያው ውስጥ ትንሽ እንደቆየ ዓይኑን ገለጠ፤ አስመለሰው፤ ራሴን አለ። ጤና ጣቢያ ወስደነው ነርሷ ደሙን ለወባ መርምራ ምንም ስታጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «የት ነው የወደቀው?» ስንነግራት ነገሩ ገባት። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ፤ ዛሬም ሰላም ይለናል።

እሷና በኋላ ያመጣነው ባለሙያ ያስረዱንን እንንገራችሁ። ጋዝ ሲነድ አየር ይበላል። አየሩ ሲበቃው ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ድምፁም አንድ ዓይነት ይሆናል። አየር ሲያንሰው ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያወጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝም ያመርታል። ይህ መርዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ደም ውስጥ ሲገባ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ሰው ከጭስ የሚሸሸው ጭሱ ሲያንቀው ነው። ይሄኛው ግን ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ጉልበት ይነሳል፤ ሰውየው ልውጣ ብሎ ሲያስብ እግሩ አይታዘዘውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጋዝ ቢኖር ይሸተን ነበር» ይላል። ከሲሊንደሩ ሲያፈስ የሚሸተን ያልነደደው ጋዝ ነው፤ ሽታውም ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። መርዙ የሚመጣው ግን በደንብ ካልነደደው እሳት ነው። ስለዚህ አልሸተተንም ማለት ደኅና ነን ማለት አይደለም።

ማሞቂያው ትንሽ ሣጥን መስሎ ይታይ እንጂ ሆዱ ሰፊ ነው። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያሞቅ ዓይነት አራት ያህል ትልልቅ የጋዝ ምድጃ አፎች በአንድ ጊዜ ቢነዱ የሚፈልጉትን ጋዝ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ጋዝ በደንብ እንዲነድ ደግሞ ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አየር ያስፈልገዋል፤ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ ከሠራ ይህን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የእኛ መታጠቢያ ክፍል ተለክቶ 7 ሜትር ኩብ እንኳ አልሞላም። ሒሳቡን ልጆቻችሁ ይሥሩላችሁ። በዚያ ላይ የእኛ አገር ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ የተሠራ ማሞቂያ እዚህ ሲመጣ ጋዙ ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል። ስለዚህ የገዛ ሰው ሁሉ «ለደጋ ይስተካከልልኝ» ብሎ ባለሙያውን መጠየቅ አለበት። እኛ ይህን ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነው።

አንድ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ «እኛ ዕድሜ ልካችንን እሳት ዳር ተኝተን አድገናል፣ ማን ሞተ?» ብለዋል። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ እኛንም አሳስቦናል። እውነት ነው፣ የአባቶቻችን ቤት መካከሉ ላይ እሳት አዳሩን ይነድ ነበር። ግን ያ ቤት ሣር ቤት ነው። ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል፣ ግድግዳው በቀርከሃው መካከል ይተነፍሳል፣ ማለዳ ከሩቅ ሲያዩት ቤቱ ራሱ የሚጨስ ይመስላል። ዓይናችንና ደረታችን ተጎዳ እንጂ ቤቱ አየር አልከለከለንም። ዛሬ ቆርቆሮ መታን፣ ኮርኒስ አደረግን፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰንን፣ መስኮቱን መስታወት ገጠምንለት፣ በሩ ሥር ጨርቅ እንወትፋለን። ጥሩ አደረግን፤ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነውና። ቤታችን ተለወጠ፣ እሳት አያያዛችን ግን በሣር ቤቱ ዘመን ቀረ።

ስለዚህ ነገሩ የማሞቂያው ብቻ አይደለም። ማሞቂያ ያለው ቤት በሰፈራችን በጣት ይቆጠራል፤ የከሰል ምድጃ የሌለው ግን የለም። ከሰል ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ነጻ ነው» ብለን ወደ መኝታ ክፍል እናስገባዋለን። መርዙ ያኔም አለ፤ የጠፋው ዓይን የሚያቃጥለው ብቻ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽንም ስለዚሁ ጉዳይ ደጋግሞ ሲያስጠነቅቅ እንሰማለን። ከሁሉ የሚያስፈራን የአራስ ቤት ነው። ብርድ እንዳይመታት ብለን በርና መስኮት ዘግተን፣ ከሰል አቀጣጥለን፣ እናትና ጨቅላ እዚያ ውስጥ እናስተኛለን። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ማኅፀን ውስጥ ያለው ልጅ ከእናቱም በላይ ይጎዳል። እናቶቻችንን አንቆጣም፤ በፍቅር የሚያደርጉት ነው። ክፍሉን አስቀድሞ አሙቆ፣ እሳቱን አውጥቶ፣ አየር አስገብቶ፣ ከዚያ አራሷን በብርድ ልብስ መሸፈን ይቻላል።

አሁን ወደ ጆንያው እንመለስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2006 በግሪክ አገር ኮርፉ በሚባል ደሴት፣ ከእንግሊዝ ለመዝናናት የሄዱ ሁለት ትንንሽ ልጆች ሆቴል ውስጥ በተኙበት ሞቱ። የገደላቸው ከጋዝ የውሃ ማሞቂያ የወጣ ይኸው መርዝ ነው። ልብ በሉ፣ ማሞቂያው ከክፍላቸው ውስጥ አልነበረም፤ ከክፍሉ ጋር በተያያዘች የውጭ ጎጆ ውስጥ ነበር። ጭስ ማውጫው ጉድለት ነበረበት፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ለቧንቧ የተበሳ ቀዳዳ ስላልተደፈነ መርዙ በዚያ ገባ። ሀብታም አገር ነው፣ ሆቴል ነው፤ ቀዳዳ ግን ቀዳዳ ነው።

የእኛ ዳስ ከዚህ በምን ይለያል? ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ እጅ ያስገባል። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት አለ። ዳሱ ዙሪያውን ክፍት ሲሆን ጭሱ ወደ ሜዳ ይሄዳል። በጆንያ ሲጋረድ ግን መውጫው ወደ ክፍሉ ብቻ ይሆናል። ሊደፈን የሚገባው በዳሱና በክፍሉ መካከል ያለው ቀዳዳ ነበር፤ እኛ የደፈንነው ወደ ሜዳ የሚያስወጣውን ነው። ሥራውን ገልብጠነዋል።

የነፋሱ ቅሬታ እውነት ነው ብለናል። እሳቱ በየጊዜው እየጠፋ ሰው ራቁቱን ሲንቀጠቀጥ እኛም ደርሶብናል። የእኛ አሳብ ይህ ነው፦ ባለሙያው ተጠርቶ ከላሜራ የተሠራ ጭስ ማውጫ ከቆርቆሮው በላይ ወጥቶ ዝናብና ነፋስ የሚመልስ ክዳን ይደረግለት። ነፋሱ ከሚመጣበት በአንድ ወገን ብቻ ቆርቆሮ ይቁም፤ ያውም ከታችና ከላይ ክፍት ሆኖ። የቧንቧው ቀዳዳና የግድግዳው ክፍተት በሲሚንቶ ይደፈን። ጭስ ማውጫው ገንዘብ ይጠይቃል፤ መዋጮም ያስፈልጋል። ከቀብር ገንዘብ ወጪ አይደረግም፤ ግን መታጠቢያ ቤቱ የሚያስገባው ብቻውን አይበቃም።

«ይሸጥና ወደ በርሜሉ እንመለስ» የምትሉም አላችሁ። በርሜሉ ደጅ ስለሚነድ ሰው አያፍንም፤ ልክ ናችሁ። ግን ለአንድ በርሜል ውሃ የሚነደውን እንጨት የሚሸከመው ማን ነው? ሴቶቻችን ናቸው። ደናችንንም አስቡት። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ማራችንም ኮረሪማችንም ከዚያ ነው። አዲስ አበባ የእግዜር ሙቅ ውሃ ፍልውሃ አላት፤ እኛ ያለን ብርድና ዝናብ ስለሆነ አንድ ነገር ማንደዳችን አይቀርም። ማሞቂያው ይቆይ ባዮች ነን፤ በአግባቡ ከተያዘ።

አያያዙ ብዙም አይከብድም። ሲሊንደሩ ዘወትር ይቁም፣ አይጋደም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ መሬት ለመሬት ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደር ከጉድጓድና ከቦይ አጠገብ አይቀመጥ። ሲቀየር መጋጠሚያውና ጎማው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እንዳለ ሰምተናል፣ ወይ ጉድ! ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም አይጥ ከነካው ይቀየራል እንጂ በፕላስተር አይታሰርም። ቤት ውስጥ ጋዝ ከሸተተ መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለም፤ ቫልቩን ዘግቶ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው።

የማሞቂያው ሆድ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይጸዳል። ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ መርፌ የሚያክል ስለሆነ የሸረሪት ድር እንኳ ይዘጋዋል። ውሃው የሚገባበት ትንሽ ወንፊትም በእኛ ድፍርስ ውሃ ቶሎ ይደፈናል። እሳት አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪ ድንጋዩ ማለቅ ነውና ሣጥኑን ከመደብደብ በፊት ድንጋዩን መቀየር ይሻላል። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ወይም ሣጥኑ ላይ ጥላሸት ከታየ ግን አጥፍቶ ለእኛ መንገር እንጂ «ዛሬን ልታጠብበት» አይባልም።

ሰው ወድቆ ከተገኘ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሎሚም ወተትም መርዙን ከደም አያወጣም። በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጤና ባለሙያ የሚሰጥ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያወርደዋል። እሳት ዳር እንደነበረ ለነርሷ መንገር አትርሱ፤ ካልነገራችኋት በምን ታውቃለች?

ስለ መዋጮው በሚመጣው እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ እንነጋገራለን። እስከዚያ ድረስ ማሞቂያው ተዘግቷል፤ የሲሊንደሩ ቁልፍ በጸሐፊው እጅ ነው። ለመታጠብ የሚፈልግ በርሜሉ አለ።

ጆንያው የማን እንደሆነ አልጠየቅንም፣ አንጠይቅምም። ታጥቦ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ
ጌጫ