ካሸነፉ በኋላ የሚመጣ ድካም

ብዙዎቻችን ጎልፍ ተጫውተን አናውቅም። ዛሬ ግን ስለ አንዲት የደቡብ ኮሪያ ጎልፍ ተጫዋች ልናወራ ወደድን፤ ታሪኳ እኛ አማኞች ደፍረን የማናነሣውን ነገር ያነሣልና። ሰው ሲሸነፍ ብቻ ሳይሆን ካሸነፈ በኋላም ይደክማል።

ስሟ ፓክ ሴ ሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ በፕሮፌሽናልነት መወዳደር ስትጀምር ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። አገሯ በዚያ ወቅት በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ብዙ ሰው ከሥራው ተፈናቅሏል፤ ሕዝቡ የአገሩን ዕዳ ለማቃለል የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር ይሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ በዊስኮንሲን በተካሄደው የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን፣ ፓክ ከአማተሯ ጄኒ ቹዋሲሪፖርን ጋር እኩል ወጣች። ለመለያየት ሌላ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ የፓክ ኳስ ከኩሬው ዳር ተዳፋት ላይ ወደቀች። ፓክም ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ኳሷንም መትታ ወደ ሜዳው መለሰች። አሁንም አልተለያዩም። ሁለት ጉድጓዶች ተጨምረው ነው ያሸነፈችው።

ያ ምስል በኮሪያ ቴሌቪዥን ደጋግሞ ታየ፤ ያዘነውን ሕዝብም አጽናና። 10 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት የቀሯት ፓርክ ኢንቢ የተባለች ልጅም በዚያ ድል ተነክታ የጎልፍ ዱላ አነሣች።

እንዲህ ያለ ታሪክ እንወዳለን። “ጫማህን አውልቅ፣ ወደ ውኃው ግባ፣ ተስፋ አትቁረጥ” ብለን ለመስበክ ይመቸናል። እውነትም ነው። ግን የታሪኩ እኩሌታ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፓክ በቨርጂኒያ አንድ ውድድር አሸንፋ የጎልፍ የክብር አዳራሽ ለመግባት የሚያስፈልጋትን ነጥብ ሞላች። ዕድሜዋ 26 ነበር። ለዓመታት የሮጠችለት ግብ እጇ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታዋ ተበላሸ፤ ኳሷ ወደ ላከቻት ቦታ አልሄድ አለች። በ2005 አንድም ውድድር አላሸነፈችም፤ የጣት ጉዳትም ተጨምሮበት ዓመቱን ሳትጨርስ አቋረጠች። በኋላ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር፣ ልምምድ እንጂ ዕረፍት አታውቅ እንደ ነበር ገልጻለች።

ይህን ስናስብ ኤልያስ ትዝ አለን። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ወረደለት። በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ በ1ኛ ነገሥት 19፣ ያው ሰው ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ይለምናል። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። “የትናንቱ እሳት የት ሄደ?” አላለውም። እንዲተኛ ተወው፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ እንደ ገና ተኛ። ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ። ጥያቄውና ተልእኮው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ቅደም ተከተሉን የምንገለብጠው ይመስለናል። በጉባኤዎቻችን ለምስክርነት መድረክ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ድሉን የጨበጠው ነው፤ ሥራ ያገኘው፣ የተፈወሰው፣ በሩ የተከፈተለት። በራሱ “2005” ውስጥ ያለው ወንድም ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ለዓመታት በትጋት ያገለገለች እኅት ከመዘምራን መካከል ስትጠፋ፣ “ደክማ ይሆን?” ከማለት በፊት “ምን ሆና ነው የቀዘቀዘችው?” እንላለን። ምግቡ ሳይቀርብ ተግሣጹ ይቀድማል።

“እንዲህ ካልን ስንፍናን አናበረታታምን?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፓክ ያለ ትጋት እዚያ አትደርስም ነበር፤ ኤልያስም ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ረጅም መንገድ ሄዷል። ግን ሰነፍን የምናነቃበት ቃል ለደከመ ሰው ሲነገር ይሰብራል። ለመለየት ደግሞ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል።

ፓክ በ2006 ተመለሰች። በሜሪላንድ ከካሪ ዌብ ጋር እኩል ወጥታ፣ በመለያው ከ180 ሜትር በላይ ርቃ የመታቻት ኳስ ከጉድጓዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀራት ቆመች። በ2007 የክብር አዳራሹ ተከፈተላት። እኛን ይበልጥ የነካን ግን የ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ነው። ፓክ የኮሪያ ሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ነበረች። ያቺ በ1998 የተነካችው ልጅ፣ ፓርክ ኢንቢ፣ አውራ ጣቷን ተጎድታ ስለ ነበር ብዙዎች ተጠራጥረዋት ነበር። አሠልጣኟ ለተጫዋቾቿ የአገራቸውን ወጥ እየሠራች ታበላቸው ነበር። ኢንቢም የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደች።

ወርቁ ባይመጣስ? ወጡ ያው ወጥ ነበር። ያረፈ ሁሉ ያሸንፋል ብለን ቃል አንገባም። ሰው የሚመገበው እንዲያሸንፍ ሳይሆን ሰው ስለ ሆነ ነው። እግዚአብሔርም ኤልያስን የወደደው እሳት ባወረደ ቀን ብቻ አልነበረም። ገና ጌታን እየፈለጋችሁ ያላችሁም ይህን እወቁ፤ እርሱ ውጤታችሁን አይቶ የሚጠራ አምላክ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ከመካከላችን የጠፋ አንድ ሰው እናስብ። ስልክ ደውለን ጥቅስ ከማንበባችን በፊት ቤቱ እንሂድ፤ እንጀራ ይዘን እንሂድ። አብረን እንብላ፤ ካልተናገረ አናስጨንቀው። የደከምነው እኛ ከሆንን ደግሞ፣ በሩ ሲንኳኳ ሳናፍር እንክፈት።